የዌልሱ ባለቅኔና አስተማሪ የዋልዶ ዊልያምስ ታሪክ

ለገጠር ተማሪ ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



በእንደዚህ ያለ ጉባዔ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የነገሥታትና የጦር አለቆች ታሪክ ነው። ዛሬ የሚነገረው ግን ሠራዊት ያልመራ፣ ሀብት ያላከማቸ፣ ከዕድሜው የሚበዛውን በትንንሽ ተማሪ ቤቶች ልጆችን ሲያስተምር ያሳለፈ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ዋልዶ ዊልያምስ ይባላል፤ አገሩም ዌልስ ነው። የተወለደው በ1904 ዓመት፣ የሞተው በ1971 ዓመት ነው። በዚህ ንግግር የሚጠራው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አድማጭ ያስተውል። በሕይወቱ ሳለ ለአዋቂ አንባቢ ያሳተመው የግጥም መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዚያች በአንዲት መጽሐፍ ምክንያት በአገሩ ቋንቋ በ20ኛው መቶ ዓመት ከተነሡት ታላላቅ ባለቅኔዎች ጋር ይቈጠራል።

ታሪኩ በሚገባ እንዲታወቅ አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዌልስ በብሪታንያ ደሴት በምዕራብ በኩል ያለች ተራራማ አገር ናት፤ ዝናብ ይበዛባታል፣ በግ ይረባባታል፣ በደቡቧም የድንጋይ ከሰል ይቈፈርባት ነበር። ሕዝቡ የራሱ ቋንቋ አለው። ይህም ቋንቋ እንግሊዝኛ ወደ ደሴቲቱ ከመግባቱ በፊት የነበረ ነው፤ ከእንግሊዝኛም ጋር እርስ በርሱ አይሰማማም። በ1536 ዓመት በወጣው ሕግ ዌልስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ስትዋሐድ የዳኝነቱና የሹመቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። ቋንቋው ከዚያ በኋላ ያልጠፋው በ1588 ዓመት ዊልያም ሞርጋን የተባለ ካህን መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በዌልስ ቋንቋ ተርጕሞ ስላሳተመ ነው። ከዚያም ከ1731 ዓመት ገደማ ጀምሮ ግሪፊዝ ጆንስ የተባለ ሌላ ካህን ተዘዋዋሪ ተማሪ ቤቶችን አቋቋመ። አስተማሪው በአንድ መንደር ሦስት ወር ያህል ተቀምጦ፣ ቀን ልጆችን፣ ማታ ደግሞ ከሥራ የተመለሱትን ጎልማሶች በራሳቸው ቋንቋ ማንበብ ያስተምርና ወደሚቀጥለው መንደር ይሻገር ነበር። በጥቂት ገንዘብ ይህን ያህል ሕዝብ ፊደል እንዲያውቅ ያደረገ ሥራ በዚያ ዘመን በኤውሮፓ እምብዛም አልታየም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1847 ዓመት ከለንደን የተላኩ ሦስት መርማሪዎች የዌልስን ተማሪ ቤቶች ጐብኝተው አንድ ትልቅ መዝገብ አቀረቡ። ሦስቱም የሕዝቡን ቋንቋ አያውቁም ነበር። ተማሪ ቤቶቹ ድኾች መሆናቸውን፣ አስተማሪዎቹም አለመማራቸውን ሲጽፉ እውነት ነበራቸው፤ ነገር ግን የችግሩ ሥር የሕዝቡ ቋንቋ ነው ብለው ፈረዱ፤ ጠባዩንም ጭምር ነቀፉ። በአንዳንድ ተማሪ ቤቶች ደግሞ ከዚህ የባሰ ልማድ ነበረ። አስተማሪው ከእንጨት የተቈረጠች ትንሽ ሰሌዳ ያዘጋጃል፤ በዌልስ ቋንቋ ሲናገር የተሰማው ልጅ በአንገቱ ያንጠለጥላታል። ያም ልጅ ሌላ ጓደኛው በእናቱ ቋንቋ ሲናገር እስኪሰማ ድረስ ተሸክሟት ይውላል፤ በሰማ ጊዜ ለዚያኛው ያስተላልፋታል። ማታ ተማሪ ቤቱ ሲዘጋ ሰሌዳይቱ በአንገቱ ላይ የተገኘችበት ልጅ ይቀጣል። በዚህ አኳኋን ልጅ በልጅ ላይ ሰላይ ሆነ። ይህን ያደርጉ ከነበሩት አስተማሪዎች ብዙዎቹ ራሳቸው የዌልስ ተወላጆች ነበሩ። ወላጆችም ልጆቻችን እንጀራ የሚያገኙት በእንግሊዝኛ ነው እያሉ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይሉ ነበር፤ በዚህም አሳባቸው ፈጽመው ተሳስተዋል ለማለት አይቻልም፤ ሹመቱና ደመወዙ በእንግሊዝኛ ነበርና።

ዋልዶ ዊልያምስ የተወለደው ይህ ልማድ እየቀረ በሄደበት፣ ፍሬው ግን ገና በሚታይበት ዘመን ነው። መስከረም 30 ቀን 1904 በፔምብሮክ አውራጃ በሃቨርፎርድዌስት ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤድዋል ዊልያምስ በዚያ ከተማ የአንድ ተማሪ ቤት ዲሬክተር ነበረ፤ ቤተ ሰቡም በተማሪ ቤቱ ግቢ ባለው ቤት ይኖር ነበር። አባት የዌልስን ቋንቋ በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው። እናቱ አንጋራድ ግን ቤተ ሰቧ ከዌልስ ቢሆንም ያደገችው በእንግሊዝ አገር ስለ ሆነ በቤታቸው የሚነገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነበረ። ከተማይቱም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ናት። ስለዚህ ኋላ የዌልስ ቋንቋ መመኪያ የሆነው ሰው እስከ 7 ዓመት ዕድሜው ድረስ ያን ቋንቋ አልተናገረም።

በ1911 ዓመት አባቱ በፕረሴሊ ተራራዎች እግር ሥር ባለችው በምናኽሎግ ዲ መንደር የተማሪ ቤት ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ። ፕረሴሊ ከፍታው ያን ያህል የሚያስደንቅ ተራራ አይደለም፤ ነገር ግን ጥንታዊ ነው። በእንግሊዝ አገር ስቶንሄንጅ በሚባለው የድንጋይ ክበብ ከቆሙት ድንጋዮች ከፊሎቹ ከሺህ ዓመታት በፊት ከዚህ ተራራ እንደ ተወሰዱ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። በመንደሩ የሚኖሩት በግ አርቢዎችና ገበሬዎች በዕርሻውም፣ በጸሎቱም፣ በጨዋታውም ከዌልስ ቋንቋ በቀር ሌላ አይናገሩም ነበር። ሥራ የበዛበትን ጎረቤት ተሰብስበው ያግዛሉ፤ ሣር የማጨዱ ሥራና በግ የመሸለቱ ሥራ በየተራ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረ በደቦ ይሠራል።

እዚህ ላይ መምህራን ልብ ብለው ሊመለከቱት የሚገባ ነገር ሆነ። የዲሬክተሩ ልጅ ወደ ተማሪ ቤቱ ሜዳ ሲወጣ የሚያናግረው አጣ። በክፍል ውስጥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ እሱ የበላይ ነው፤ ደውል ተደውሎ ልጆቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ ግን ከሁሉ የሚያንሰው እሱ ይሆናል። የእረኞቹና የገበሬዎቹ ልጆች አልናቁትም፤ ኳስ ሲጫወቱ፣ ሲደባበቁ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ቃል በቃል አስተማሩት። መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ ሰሌዳም አልነበራቸውም። የአስተማሪው ልጅ የተማሪዎቹ ተማሪ ሆነ፤ በጥቂት ጊዜም እንደ እነርሱ መናገር ጀመረ። በዚያች ደሴት በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች በተማሪ ቤት የእናታቸውን ቋንቋ ሲያጡ፣ ይህ አንድ ልጅ የእናቱ ያልሆነውን የሕዝቡን ቋንቋ በተማሪ ቤት ግቢ አገኘ። ዕድሜውን ሁሉ እንደ ዕዳ የቈጠረው ይህንኑ ነው። ያለዚህ ነገር ኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ ምክንያቱ አይገለጥም።

በ1915 ዓመት ሁለት ነገር ደረሰበት። ታላቅ እኅቱ ሞርቪድ ገና በልጅነቷ ሞተች፤ እሷም ግጥም መጻፍ የጀመረች ነበረች። በዚያው ዓመት አባቱ ተዛውሮ ቤተ ሰቡ ወደ ላንዲሲሊዮ መንደር ሄደ። ያን ጊዜ ታላቁ የዓለም ጦርነት በርትቶ ነበር፤ አባቱም ጦርነትን የሚጸየፍ ሰው ስለ ነበረ በቤታቸው ውስጥ ስለ ሰላም ይወራ ነበር። በዚያ መንደር አጠገብ ሁለት ተጐራባች ማሳዎች ነበሩ። ልጁ አንድ ቀን በሁለቱ ማሳዎች መካከል ባለው መተላለፊያ ቆሞ ሳለ ሰዎች ከሁሉ አስቀድሞ ወንድማማች መሆናቸው በድንገት በልቡ በርቶ እንደ ታየው፣ ከ40 ዓመት ያህል በኋላ ለወዳጆቹ ጽፏል። ስለዚሁ ነገር በ1956 ዓመት የጻፈው ግጥም፣ ስሙ ሲተረጐም «በሁለት ማሳ ውስጥ» የሚባለው፣ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ነው ይባላል። ቀላል ግጥም አይደለም፤ የአገሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ድረስ ይከራከሩበታል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በናርበርዝ ፈጸመ፤ ከዚያም በአበሪስትዊዝ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምሮ በ1926 ዓመት ዲግሪውን አገኘ፤ አንድ ዓመትም የማስተማር ሥራ ተማረ። በኮሌጅ ሳለ በቀልደኛነቱ የታወቀ ነበረ። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተወለደበት አውራጃ በየመንደሩ ባሉት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች እየተዘዋወረ አስተማረ። ከተማሪ ቤት ወደ ተማሪ ቤት የሚመላለሰው በብስክሌት ነበር።

በዚያ ዘመን የዌልስ ገጠር ልጆች በቋንቋቸው የሚያነቡት እምብዛም አያገኙም ነበር። ያለውም አብዛኛው ለሽማግሌ የሚስማማ ምክርና ተግሣጽ ነው። ዋልዶ ይህን ባየ ጊዜ ከወዳጁ ከልዊድ ዊልያምስ ጋር ሆኖ በ1936 ዓመት የልጆች ግጥም መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት እንስሳት፣ ጨዋታዎችና ቀልዶች ናቸው። ይህን መጽሐፍ ከታላላቆቹ ግጥሞቹ በታች አድርጎ መቍጠር ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን ፍርዱ ትክክል አይመስልም። ታላላቆቹን ግጥሞች ማንበብ የሚችል ትውልድ አስቀድሞ ልጅ ሆኖ የሚወደው መጽሐፍ ያስፈልገዋልና።

በዌልስ አገር በየዓመቱ አይስቴድቮድ የሚባል ታላቅ የግጥምና የዜማ ጉባዔ ይደረጋል። በጥንቱ ሥርዓት ግጥም ገጥሞ ያሸነፈው ባለቅኔ በሕዝብ ፊት በተለይ በተሠራ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ያ ሥርዓት ብርቱ ነው፤ በብዙዎቹ ስንኞች የመጀመሪያው እኩሌታ የያዛቸው ተነባቢ ድምፆች በሁለተኛው እኩሌታ በተራቸው እንደገና መመለስ አለባቸው፤ ፍቺው ደግሞ ሳይጐድል ነው። ዋልዶ በ1936 ዓመት በአውራጃው በፊሽጋርድ ከተማ በተደረገው ጉባዔ ስለ ቅዱስ ዳዊት ቤተ ክርስቲያን የገጠመውን ረጅም ግጥም አቀረበ፤ ወንበሩን ግን ሌላ ሰው ወሰደ። በዚህ አላዘነም። ከዚያ በኋላ በወንበር ላይ ለመቀመጥ የደከመበት ጊዜ የለም፤ ግጥሞቹንም በጋዜጣና በመጽሔት እያወጣ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። ከእነዚያም አንዱ በ1931 ዓመት የጻፈው «ማስታወስ» የሚባለው ነው። የሰው ልጅ የረሳውን ነገር፣ የጠፉትን የትንንሽ ሕዝቦች ቃልና ተረት የሚያስብ ግጥም ነው፤ ዛሬ በዌልስ ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ዓመት ሲጀመር በብሪታንያ ጎልማሶች በግዴታ ለጦር እንዲመለመሉ ታወጀ። ሕጉ ግን ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም የሚል ሰው በሸንጎ ፊት ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ይፈቅዳል። ዋልዶ ያን ጊዜ በፓንችስተን መንደር ተማሪ ቤት ዲሬክተር ሆኖ ይሠራ ነበር። በ1942 ዓመት በየካቲት ወር በካርማርዘን ከተማ በሸንጎ ፊት ቆመ፤ የሰው ልጅ ሁሉ ወንድማማች ስለ ሆነ ሰው ለመግደል መሣሪያ እንደማያነሣ ተናገረ። ሸንጎውም ቃሉን ሰምቶ ያለ ምንም ግዴታ ነጻ አደረገው።

በዚህ ነገር ሁሉም ሰው አልተስማማበትም። የሂትለርን ሠራዊት በግጥምና በበጎ አሳብ ማቆም አይቻልም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገራቸውም ክብደት አለው፤ አገሩ በጠላት የተወረረ ሰው የዋልዶን አሳብ ለመቀበል ይቸገራል። ነገር ግን ስለ እሱ የማይካድ ነገር አለ፤ ይኸውም ያመነበትን ነገር ዋጋውን ሌላ ሰው እንዲከፍልለት አለመሻቱ ነው። ነጻ ቢባልም ልጆችን የሚያስተምር ሰው ዘመቻን ይነቅፋል የሚል ቅያሜ በአውራጃው ስለ ተነሣ በተማሪ ቤቱ ያለው ኑሮ አልተመቸውም። በዚያው ዓመት የተወለደበትን አውራጃ ትቶ በሰሜን ምዕራብ ዌልስ በሊን ባሕረ ገብ ምድር ወደምትገኘው ወደ ቦቱኖግ ተማሪ ቤት ሄደ።

በ1941 ዓመት ሊንዳ የምትባል ሴት አግብቶ ነበር። በ1943 ዓመት ሞተችበት። አብረው የኖሩት ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሚስት አላገባም። ስለ እሷ የጻፋቸው ግጥሞች ጥቂቶች ናቸው፤ ለቅሶ አያበዙም። የሰፈሩ ሁሉ ነገር ሊንዳን ስለሚያስታውሰው ይሁን ሌላ ምክንያት ኖሮት፣ ዌልስን ትቶ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ጥቂት ዓመታት በዚያ አስተማረ።

በዚያ ሳለ ነው ክፉ ወሬ የደረሰው። ይህን ወሬ ለመረዳት በ1940 ዓመት በመካከለኛው ዌልስ በኤፒንት ተራራ የሆነውን ማወቅ ያሻል። የጦር ሚኒስቴር ያን አምባ ለመድፍ መለማመጃ ፈልጎ በ54 ቤቶች ይኖሩ የነበሩ 219 ሰዎች አገራቸውን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ገበሬዎቹ ጦርነቱ ሲያልቅ እንመለሳለን ብለው ወጡ፤ አንዳንዶቹም ቤታቸው እንዳይበላሽ እየመጡ እሳት ያነዱ ነበር ይባላል። አልተመለሱም። የመንደሩ ተማሪ ቤት ተዘጋ፤ በዌልስ ቋንቋ ሲናገር የኖረው አገርም ባዶ ሆነ። በ1946 ዓመት ደግሞ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ያው ሚኒስቴር የፕረሴሊን ተራራ ለዘለቄታው የወታደር መለማመጃ ለማድረግ እንዳሰበ ተሰማ።

ምናኽሎግ ዲ ማለት ለዋልዶ አንድ መንደር ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋውን የሰጡት ልጆች አድገው፣ ወልደው፣ ሣር እያጨዱ የሚኖሩባት ስፍራ ናት። በእንግሊዝ አገር ተቀምጦ «ፕረሴሊ» የሚባለውን ግጥም ጻፈ፤ በዚያው በ1946 ዓመት በጋዜጣ ወጣ። ግጥሙ የተራራዎቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል፤ የደቦውን ሥራ፣ የጎረቤቱን መተጋገዝ ያነሣል፤ ይህ ቅጥር እንዳይፈርስ ይማጠናል። በአውራጃው ደግሞ የተማሪ ቤት ዲሬክተሮችና የመንፈሳውያን ጉባዔ መሪዎች ቀድመው ተነሡ፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ገበሬውን አስተባበሩ፤ ከመንግሥት ለመጡት ሹማምንትም ቍርጥ መልስ ሰጡ። በ1948 ዓመት ሚኒስቴሩ አሳቡን ተወ። ተራራውን ያዳነው ግጥሙ ነው ብሎ መናገር ማጋነን ይሆናል፤ ያዳነው የመንደሩ ሰዎች አንድነት ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የፕረሴሊ ልጆች ስለ አገራቸው ሲጠየቁ የሚመልሱበትን ቃል ያገኙት ከዚያ ግጥም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የዕድሜው ክፍል ለብዙዎች እንግዳ ሆኖ የሚታይ ነው። በ1950 ዓመት የኮርያ ጦርነት ተጀመረ፤ ብሪታንያም ጦር ላከች። ጎልማሶችን በግዴታ መመልመሉም በሰላም ጊዜ ሳይቀር ቀጥሎ ነበር። ዋልዶ እንዲህ ሲል አሰበ፤ እኔ ራሴ አልተዋጋሁም፤ ግን ግብሬ ጥይት ይገዛል። ይህን ካሰበ ዘንድ አንድ ችግር ገጠመው። በእንግሊዝ ሥርዓት የአስተማሪ የገቢ ግብር ደመወዙ በእጁ ከመግባቱ በፊት ይቀነሳል፤ ስለዚህ ደመወዝተኛ አስተማሪ ግብር አልከፍልም ሊል አይችልም። እንግዲህ ሥራውን ከነደመወዙ ተወ። ለጎልማሶች የማታ ትምህርት እየሰጠ በሚከፈለው ጥቂት ገንዘብ መኖር ጀመረ፤ የዚያ ክፍያ ግብር አስቀድሞ የማይቈረጥ ነውና። አስተማሪነቱን የሚወድ ሰው ቋሚ ተማሪ ቤቱን ለኅሊናው ሲል መተዉ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1953 ዓመት ኩዌከር ወደሚባለው፣ ጦርነትን ፈጽሞ ወደማይቀበለው የክርስቲያኖች ማኅበር ገባ። የግብሩ ዕዳ ግን እየጨመረ ሄደ። ከፍርድ ቤት የተላኩ ሰዎች መጥተው ዕቃውን ወሰዱ። ዕቃው ዕዳውን የማይሸፍን በሆነ ጊዜ በ1960 ዓመት በመስከረም ወር ተይዞ በስዎንዚ ወህኒ ቤት ስድስት ሳምንት ታሰረ። ዕድሜው 56 ዓመት ሊሆን ቀርቦ ነበር። በሚከተለው ዓመት ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ስድስት ሳምንት ተፈረደበት፤ ያን ጊዜ በደቡብ እንግሊዝ በፎርድ ወህኒ ቤት ጨረሰ። በመካከሉ በ1959 ዓመት የዌልስ ብሔራዊ ፓርቲ እጩ ሆኖ ለፓርላማ ተወዳድሮ ነበር፤ ያገኘው ድምፅ ጥቂት ነው። ለሹመት የተፈጠረ ሰው እንዳልነበረ ወዳጆቹም አይክዱም።

የግጥም መጽሐፉ የወጣው በዚህ ክርክር መካከል ነው። ወዳጆቹ ለብዙ ዓመት አሳትም እያሉ ይለምኑት ነበር፤ ተበታትነው የነበሩትንም ግጥሞች እየሰበሰቡ ያዘጋጁለት ነበር። እሱ ግን ስለ ወንድማማችነት የተጻፈ ግጥም ጸሐፊው በሥራ ካልገለጠው ከንቱ ነው የሚል ስጋት ይዞት ዘገየ። በመጨረሻ በ1956 ዓመት መጽሐፉ ታተመ። ስሙም ሲተረጐም «የዛፍ ቅጠሎች» ማለት ነው። የዋልዶ ስም በአገሩ ከሞተ በኋላም እንዲኖር ያደረገች ይህች መጽሐፍ ናት።

የመጨረሻዎቹ በግዴታ የተመለመሉ ወታደሮች በ1963 ዓመት ከጦር ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት ዋልዶ ግብር መከልከሉን አቆመ። ወዲያውም ወደ ተማሪ ቤት ተመለሰ። 59 ዓመት ሞልቶት ወይም ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ባለቅኔ ነው፤ ከፍ ያለ ወንበር ቢሻ የሚነፍገው ያለ አይመስልም። እሱ ግን በሰሜን ፔምብሮክ ባሉት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች ለትንንሽ ልጆች የዌልስን ቋንቋ ማስተማር ያዘ። ከእነዚህም አንዱ በፊሽጋርድ አካባቢ ያለ የካቶሊክ ተማሪ ቤት ነው፤ እሱ ኩዌከር ሳለ የካቶሊክ ተማሪ ቤት ተቀበለው፤ እሱም ተቀበላቸው። የአየርላንድን ቋንቋ ተምሮ ስለ ነበረ አየርላንዳውያንን በቋንቋቸው ያነጋግር ነበር።

በእነዚያ ተማሪ ቤቶች ያስተማራቸው ልጆች አብዛኞቹ በቤታቸው እንግሊዝኛ የሚናገሩ ናቸው። ዋልዶ ራሱ በ1911 ዓመት በምናኽሎግ ዲ ሜዳ ላይ የቆመውን ልጅ ይመስላሉ፤ ልዩነቱ እነሱ በዙሪያቸው በዌልስ ቋንቋ የሚጫወት ልጅ እምብዛም አለማግኘታቸው ነው። በ1911 ዓመት በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከዌልስ ሕዝብ 43 ከመቶ ያህሉ፣ ይኸውም 977,000 ያህል ሰው ቋንቋውን ያውቅ ነበር፤ በ1961 ዓመት በተደረገው ቈጠራ ግን የሚያውቀው 656,000 ያህል፣ ማለት 26 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በሜዳ ያለ ክፍያ ይገኝ የነበረው ነገር አሁን በክፍል ውስጥ በአስተማሪ ድካም የሚገኝ ሆነ። በዚህ ላይ ሽማግሌው ባለቅኔ ተቀምጦ አላለቀሰም። ልጅ ቋንቋን የሚማረው ወድዶት ሲጫወትበት መሆኑን ከራሱ ያውቅ ነበርና፣ ከሰላሳ ዓመት በፊት የልጆችን ግጥም መጽሐፍ በጻፈበት ልብ እንደገና ከፊደልና ከጨዋታ ጀመረ።

ዕረፍት እስኪወጣ ድረስ በዚሁ ሥራ ቆየ። ከዚያ በኋላ ጤናው ደከመ። ግንቦት 20 ቀን 1971 በተወለደባት በሃቨርፎርድዌስት ከተማ በሕክምና ቤት ሞተ። የተቀበረው ሁለቱ ማሳዎች ባሉበት በላንዲሲሊዮ አጠገብ፣ ከወላጆቹና ከሊንዳ ጋር በብላይንኮኒን የጸሎት ቤት መቃብር ነው።

ከሞተ በኋላ የዌልስ ቋንቋ ነገር ፈጽሞ አልተቈረጠም። በ1939 ዓመት በአበሪስትዊዝ በሰባት ልጆች የተጀመረው በቋንቋው ብቻ የማስተማር ሥራ ከተማ ለከተማ ተስፋፋ፤ በ2011 ዓመት በወጣው ሕግም ቋንቋው በዌልስ የመንግሥት ቋንቋነቱ ታወጀ። በ2021 ዓመት በተደረገው ቈጠራ የሚያውቁት 538,000 ያህል፣ ማለት 17.8 ከመቶ ሆነው ተገኙ፤ ሕጉ ቢበረታም ቍጥሩ ገና አልተነሣም። በፔምብሮክ ገጠር ተማሪ ቤቶች ዛሬም ልጆች የዋልዶን ግጥሞች ያነባሉ።

በ1978 ዓመት ከምናኽሎግ ዲ መንደር ወጣ ብሎ ባለው የወል ግጦሽ ላይ ለመታሰቢያው አንድ ትልቅ ድንጋይ ቆመ። ዙሪያው የፕረሴሊ ተራራ ነው። አጥር የለውም፤ በጎች እስከ ድንጋዩ ድረስ እየመጡ ይግጣሉ። ልጁ ቋንቋውን የተማረባት ተማሪ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለችም።